የቤታችንን ዋጋ እንዴት እንደቆረጥን፣ ዝቅተኛ ዋጋ ለሰጡንም ምን እንደመለስን

የእናታችንን ቤት ለመሸጥ ስንስማማ፣ በዋጋው ላይ ግን ሁላችንም ተለያየን። ታላቅ ወንድሜ የያዘው አሃዝ ቤቱን ለመሥራትና በየጊዜው ለማደስ የወጣው ወጪ ተደምሮ የተገኘ ነው። ታናሽ እህቴ ለእናታችን የሚሆን አነስ ያለ ቤት ተገዝቶ፣ ከቀረው ደግሞ ለመኖሪያዋ ተቀማጭ እንዲኖራት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አስልታ መጣች። እናታችን የጠራችው ዋጋ አንድ ጎረቤት ቤቱን ሸጠበት ሲባል የሰማችውን ነው። ጉዳዩን የመከታተሉ ኃላፊነት ለእኔ ስለተሰጠ ሦስቱንም አሃዞች ወረቀት ላይ አሰፈርኳቸው። በትልቁና በትንሹ መካከል የነበረው ልዩነት የቤቱን ዋጋ ሲሶ ያህል ነበር።

ይህን የምጽፈው አንዲት ወዳጄ ሰሞኑን ቤቷን ለገበያ አቅርባ፣ የሚሰጣት ዋጋ ሁሉ እንደ ስድብ እየተሰማት ስለተቸገረች ነው። ለእሷ የነገርኳት ለሌላም ሻጭ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ዝቅተኛ ዋጋ ለሚሰጥ ገዢ የሚመለሰው መልስ የሚዘጋጀው ገዢው በር ከማንኳኳቱ በፊት፣ ዋጋው በሚቆረጥበት ሰዓት ነው። ዋጋውን በማስረጃ ያቆመ ሻጭ የሚሰጠውን ዋጋ ሁሉ ከማስረጃው ጋር ያስተያየዋል፤ ያለ ማስረጃ የቆረጠ ግን ከቁጣ ወይም ከሥጋት ሌላ የሚመልስበት ነገር አይኖረውም። ሂሳቡን ለመከተል እንዲቀል፣ ቤቱ ያወጣል ብለን በመጨረሻ የደረስንበትን ግምት መቶ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ሌሎቹን አሃዞችም ከዚህ መቶ አንጻር አንብቧቸው።

የቤተሰቡ ሦስት አሃዞች እያንዳንዳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ዋጋ ግን አንዱም አልነበረም። ለጣሪያው ለውጥ ያወጣነው ገንዘብ የእኛ ታሪክ ነው። ገዢ የሚከፍለው በዚያው ገንዘብ ሌላ ቦታ ምን ሊያገኝ እንደሚችል አመዛዝኖ ነው። የእናታችን የወደፊት ኑሮ ለእኛ ከምንም በላይ የከበደ ጉዳይ ቢሆንም፣ ቤቱን ዞሮ የሚያይ እንግዳ ሰው ለዚያ ብሎ የሚጨምረው ሰባራ ሳንቲም የለም። የጎረቤቱ ወሬ ከሁለቱ ይሻላል፤ ቢያንስ የተሸጠ ቤት ነው። ነገር ግን ሰው የሸጠበትን ሲናገር ከፍ አድርጎ ማጠጋጋት ይወዳል፤ የቤት ዕቃው አብሮ ተሸጦ እንደሆነ፣ ክፍያው ስንት ጊዜ እንደፈጀ፣ ሽያጩ በየትኛው ወቅት እንደተፈጸመም ወሬው አይናገርም።

ለራስ ንብረት የሚሰጥ ግምት ከፍ ማለቱ የስስት ምልክት እንዳልሆነ ለወንድሜ ማስረዳት ነበረብኝ። ዳንኤል ካህነማን፣ ጃክ ኔትሽና ሪቻርድ ቴለር በ1990 ባሳተሙት ጥናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ለግማሾቹ ተማሪዎች ተራ ኩባያ ሰጥተው ስንት እንደሚሸጡት ጠየቋቸው፤ ኩባያ ያልደረሳቸውን ደግሞ ስንት እንደሚገዙት። ባለኩባያዎቹ የጠየቁት ገዢዎቹ ሊከፍሉ ከፈቀዱት ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። ኩባያው እጃቸው ከገባ ገና ብዙም አልቆየ። ልጆች ያደጉበት ቤት ሲሆን ስሜቱ ምን ያህል እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም።

ስለ ቤት የተደረገው ጥናት ደግሞ ይበልጥ ወደ እኛ ይቀርባል። ዴቪድ ጄኔሶቭና ክሪስቶፈር ሜየር በ1990ዎቹ በቦስተን ከተማ እምብርት የተሸጡ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን መርምረው በ2001 ውጤቱን አወጡ። ከገዙበት በታች ለመሸጥ የተገደዱ ባለቤቶች፣ በገዙበት ዋጋና ገበያው በሚሰጠው ዋጋ መካከል ካለው ልዩነት ከ25 እስከ 35 በመቶ የሚሆነውን በሚጠይቁት ዋጋ ላይ ይጨምሩ ነበር። በሽያጩ ያገኙት ጭማሪ ግን ከዚያው ልዩነት ከ3 እስከ 18 በመቶ ነው፤ ቤታቸውም ሳይሸጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ ነበር። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ወዲያው አልተቀበለኝም። «ያወጣሁትን መጠየቅ መብቴ ነው» አለ። መብቱ ነው። ገዢውም የመሄድ መብት እንዳለው ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከእኔ ጋር የተሸጡ ቤቶችን ዋጋ ለማጣራት የወጣው እሱ ነበር።

ይህ ማጣራት አድካሚ ነው፤ ከሁሉም የጠቀመን ግን እሱ ነው። በማስታወቂያ የሚታየው ዋጋ የሻጮች ምኞት ነው። እኛ የፈለግነው ገንዘብ ተቆጥሮ ቁልፍ የተረከበበትን ዋጋ ነበር። በቅርብ ጊዜ በአካባቢው ቤት የገዙ ሰዎችን፣ ሽያጩን ያገናኙ ደላሎችን፣ ለባንክ ቤት የሚገምቱ ባለሙያዎችን ጠየቅን። የሽያጭ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት አገር ደግሞ ከመዝገቡ የሚበልጥ ምንጭ የለም። አንዱ የነገረንን ብቻ ይዘን አልሄድንም፤ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ተቀራራቢ አሃዝ ሲሰጡን ብቻ መዝገባችን ላይ አሰፈርነው።

ሁለት ተጨማሪ ዝርዝሮችም ያዝን። አንደኛው አሁን ለሽያጭ የቀረቡ፣ ማለትም ገዢው የእኛን አይቶ ሲወጣ ሄዶ የሚያያቸው ቤቶች ናቸው። ሁለተኛው ለወራት ተለጥፈው ሳይሸጡ የተነሡ ቤቶች ናቸው። ብዙ ሻጭ ይህን የመጨረሻውን ዝርዝር አይመለከትም። እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነው እላለሁ፤ ገበያው እንቢ ያለበትን ጣሪያ በግልጽ ያሳያልና። የእኛን የሚመስሉ፣ 115 እና ከዚያ በላይ ተጠይቆባቸው ማንም ያልነካቸው ቤቶች ነበሩ። ወንድሜ 120 እንጠይቅ የሚለውን ሐሳቡን የተወው ይህን ዝርዝር በእጁ ከጻፈ በኋላ ነው።

የተሸጡትን ከእኛ ቤት ጋር ስናነጻጽር የተከተልነው ሥርዓት ቀላል ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። የተሸጠው ቤት የእኛ የሌለው ነገር ካለው ከተሸጠበት ዋጋ ላይ እንቀንሳለን፤ እኛ ያለን እሱ የሌለው ነገር ካለ እንጨምራለን። ለምሳሌ አንዱ ቤት በ109 ተሸጧል። ከእኛ አንድ መኝታ ክፍል ይበልጣል፣ ኤሌክትሪክና ውሃውም በአዲስ መልክ ተዘርግቷል። ለእነዚህ ሁለቱ ከ8 እስከ 10 ቀነስን፤ ስለዚህ ያ ቤት ስለ እኛ ቤት የሚነግረን 100 ገደማ ነው። ሌላው በ91 ተሸጧል፤ የመኪና ማቆሚያ የለውም፣ ጣሪያውም አሮጌ ነበር። ለነዚያ ስንጨምርለት 98 ላይ ደረሰ። ማስተካከያው እየበዛ በሄደ ቁጥር ግምቱ እየላላ ስለሚሄድ፣ ትንሽ ማስተካከያ ብቻ የፈለጉትን ቤቶች አጥብቀን ያዝን፤ ብዙ የፈለጉትን ጣልናቸው። ከቆየ ሽያጭም ይልቅ የቅርቡን መረጥን፤ ዋጋ በፍጥነት በሚለዋወጥበት ገበያ የዓመት ሽያጭ አሮጌ ወሬ ነው።

የካሬ ሜትር ስሌትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የአንዱን ቤት ዋጋ ለስፋቱ አካፍሎ በራስ ስፋት ማባዛት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ትናንሽ ቤቶች በካሬ ሜትር ሲሰሉ አብዛኛውን ጊዜ ከትላልቆቹ ይወደዳሉ፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ትንሹም ቤት ውስጥ መኖራቸው አይቀርምና። የእኛ ቤት ሰፊ ስለነበር በዚያ መንገድ ብናሰላው ኖሮ ከገበያው በላይ በወጣን ነበር። ዕድሳትንም እንዲሁ። አዲስ ወጥ ቤት ዋጋ ይጨምራል፤ የወጣበትን ሁሉ ግን አይመልስም። የሚያፈስ ጣሪያን ማስጠገን ደግሞ ዋጋ የሚያስጨምር ሳይሆን ቅናሽ የሚከላከል ወጪ ነው።

ከባንክ ጋር የሚሠራ ገማች አስመጥተንም አስገመትን። ባንክ ብድሩ ሳይመለስ ቢቀር ቤቱን በችኮላ ሸጦ ገንዘቡን ማውጣት ስለሚኖርበት ግምቱ ወደ ጥንቃቄ ያዘነብላል፤ የመጣልንም 96 ነው። እናቴ ቅር አላት። ይህ አሃዝ ግን የሚያስቀይም ሳይሆን የሚያስጠነቅቅ ነው። በብድር የሚገዛ ሰው ባንኩ የሚያበድረው በግምቱ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ከግምቱ በላይ ያለውን ልዩነት ከኪሱ መሙላት አለበት። ስለዚህ ከዚያ እጅግ ርቀን ብንጠይቅ የሚቀሩልን ገዢዎች ጥሬ ገንዘብ በእጃቸው ያለ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። ሁሉንም አሰባስበን ስናየው ቤቱ ከ95 እስከ 104 ባለው መካከል ይውላል፤ መሃሉን መቶ አልነው።

ታዲያ ስንት እንጠይቅ? «ገዢ መቀነሱ ስለማይቀር ከፍ አድርገን እንጀምር» የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም። የመጀመሪያ አሃዝ በሰው ግምት ላይ ያለው ጉልበት የተረጋገጠ ነው። ግሪጎሪ ኖርዝክራፍትና ማርጋሬት ኒል በ1987 ባወጡት ጥናት፣ በቱሳን ከተማ የሚሠሩ የቤት ሽያጭ ባለሙያዎችን አንድ ቤት አሳይተው ስለ ቤቱ ተመሳሳይ መረጃ ሰጧቸው፤ የለወጡት ባለቤቱ ጠየቀ የተባለውን ዋጋ ብቻ ነው። ከፍ ያለ ዋጋ የተነገራቸው ባለሙያዎች ከፍ አድርገው ገመቱ፣ ዝቅ ያለ የተነገራቸው ዝቅ አድርገው ገመቱ። ብዙዎቹ ግን በተጠየቀው ዋጋ አልተመራንም ብለዋል። ይህ ከፍ ማድረግን የሚደግፍ ይመስላል። ሆኖም አሃዙ የሚሠራው ቤቱን ሊያይ በመጣ ሰው ላይ ነው። መቶ የመክፈል አቅም ያለው ገዢ 120 የሚል ማስታወቂያ ሲያይ ከነጭራሹ አይመጣም። 120 የመክፈል አቅም ያለው ደግሞ መጥቶ በዚያው ዋጋ ከሚያገኛቸው የተሻሉ ቤቶች ጋር ያወዳድረዋል፤ ቤታችን የሌላውን ሰው ቤት ውበት ማሳያ ይሆናል። ሌላው የሚያሳስበኝ ጊዜ ነው። አዲስ የቀረበ ቤት ብዙ ዓይን የሚያርፍበት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ለወራት ከቆየ በኋላ የሚመጣው ገዢ ቤቱን ከማየቱ በፊት «ምን ቢኖርበት ነው ያልተሸጠው?» ብሎ ይጀምራል።

104 ላይ ተስማማን። ከግምታችን ጫፍ አልወጣንም፤ ለድርድርም ቦታ ተወልን። ሆነ ብሎ ዝቅ አድርጎ በመጥራት ገዢዎችን ማሻማት የሚሠራው ብዙ ፈላጊ ባለበት ገበያ ነው፤ እኛ ዘንድ ያን ያህል ፈላጊ ስላልነበረ አልሞከርነውም።

ከምንጠይቀው ዋጋ ጎን ሁለት ሌሎች አሃዞች ጻፍን። አንዱ እንደርስበታለን ብለን የምናስበው ነው፤ መቶ። ሌላው ከዚያ በታች የማንሸጥበት ወለል ነው። ወለሉን ለመወሰን የጠየቅነው ጥያቄ «ባይሸጥስ?» የሚል ነው። ቤቱ ሳይሸጥ ሲቀመጥ ግብር፣ ጥበቃ፣ ጥገናና ሊገኝ ይችል የነበረ ኪራይ አለ፤ ስንደምረው በወር ከመቶው ግማሽ ነጥብ ያህል መጣ። ይህ ማለት ስድስት ወር ጠብቀን ሦስት ነጥብ የበለጠ ብንሸጥ እጃችን ላይ የሚቀረው ያው ነው። በዚህ ስሌት ወለሉ 94 ሆነ። አራታችንም አየነው፤ ከቤተሰቡ ውጭ ግን ለማንም አልተናገርነውም፤ ለደላላውም ጭምር።

ደላላውን ስለማላምነው አልነበረም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ነገር ግን ጥቅማችን ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም። ሦስት ነጥብ ብንጨምር ለእኛ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ለእሱ ከዚያ ሦስት ነጥብ የሚደርሰው ትንሽ ፍርፋሪ ነው፣ ቶሎ ቢዘጋ ግን ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን በቺካጎ አካባቢ የተሸጡ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ ቤቶችን መርምረው በ2008 እንዳሳዩት፣ የሽያጭ ባለሙያዎች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኞቻቸው ቤት በ3.7 በመቶ ገደማ አስበልጠው ይሸጣሉ፤ ገበያ ላይም ወደ ዘጠኝ ቀን ተኩል የሚሆን ተጨማሪ ጊዜ ያቆዩታል። ስለዚህ ደላላችን «ይህን ተቀበሉ» ሲለን ምክሩን በአክብሮት ሰምተን፣ ውሳኔውን ከወረቀታችን ላይ እንወስድ ነበር።

አሁን ወደ ዝቅተኛ ዋጋዎቹ ልምጣ። ገና ቤቱን ሳያዩ በስልክ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚሉ ብዙ ነበሩ። ለእነሱ የነበረኝ መልስ አንድ ነው፤ «ቤቱን መጥተው ይዩት፤ ከወደዱት ስለ ዋጋ እንነጋገራለን።» ቤቱን ላላየ ሰው የሚነገር ቅናሽ ይባክናል፤ ሲመጣ ድርድሩን የሚጀምረው ከተነገረው ቅናሽ ነው።

በአካል መጥቶ ዋጋ የሰጠን የመጀመሪያው ሰው 72 አለ። ወንድሜ ከተቀመጠበት ተነሣ። እኔ ሰውየውን፣ «ቅር አይበልዎትና፣ እዚህ አሃዝ ላይ እንዴት ደረሱ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰውየው ምንም ሳይደብቅ አስረዳኝ። ቤት ገዝቶ፣ አድሶ፣ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ የዕድሳቱን፣ የስም ማዛወሪያውንና የትርፉን ቀንሶ የቀረውን ነው የሰጠን። ለእሱ ሥራ ትክክለኛ አሃዝ ነበር፤ እሱ ግን የእኛ ገዢ አልነበረም። አመስግነን ስልኩን ተቀበልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እንዴት ደረሱ?» የሚለውን ጥያቄ ለማንም ሳልጠይቅ አላለፍኩም፤ ዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጡ ሰዎች በጣም የተለያዩ ናቸውና።

ሌላው 80 አለና፣ ምክንያቱን ስጠይቀው «ገበያው ቀዝቅዟል» ከማለት ያለፈ ነገር አልነበረውም። ይህ የሚፈትን ገዢ ነው። የእኛን በጣም የሚመስሉ፣ በቅርቡ የተሸጡ ሦስት ቤቶችን ከነዋጋቸው አሳየሁት፤ ዋጋ ግን አልቀነስኩለትም። ከቆይታ በኋላ ተመልሶ 90 ሲል እኔ ወደ 103 ወረድሁ። እሱ ሲጨምር እኔም እቀንሳለሁ፤ ቅናሼም በየተራው እያነሰ ይሄዳል። ገዢው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ሻጭ ሁለት ጊዜ ከቀነሰ፣ ዝም ማለት ብቻውን ዋጋ እንደሚያወርድ ገዢውን አስተማረው ማለት ነው። ይኸው ሰው «እንግዲያው መሃል ላይ እንገናኝ» ብሎኝ ነበር። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን መሃሉን የሚወስነው የመጀመሪያው አሃዝ ነው። ከ104 እና ከ80 መሃል 92 ነው፤ 92 ደግሞ ከወለላችን በታች ነው። በጣም ዝቅ አድርጎ የሚጀምር ሰው ጥቅሙን የሚያገኘው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ መሃል የሚባለውን ሐሳብ ሁለቱም አሃዞች ምክንያታዊ ሳይሆኑ አትቀበሉት። ከእሱ ጋር ሳንስማማ ቀረን፤ ተከባብረን ግን ተለያየን።

ከሁሉ ጠንካራው ተደራዳሪ ግንበኛ ይዞ የመጣው ነው። ባለሙያው ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በጣቱ መታ መታ አድርጎ እርጥበት መኖሩን አሳየን። እውነት ነበር፤ እኛም ስለ ግድግዳው ገና ከመግቢያው ነግረነዋል። ገዢው ለዚያ ብሎ 16 ቀንሶ 88 አቀረበ። እዚህ ላይ እንከኑን መካድም፣ በቀረበው አሃዝ መደንገጥም አያስፈልግም፤ እንከኑ የራሱ ዋጋ አለው፣ ዋጋውን ማስወጣት ነው። ለሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች አሳይተን በጽሑፍ የጥገና ዋጋ ተቀበልን፤ ትልቁ 3 ነጥብ ገደማ ነበር። «ጥገናው የሚፈልገውን ሦስቱን እንቀንስልዎታለን፤ የቀሩት አሥራ ሦስት ግን ከግድግዳው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም» አልኩት። ሰውየው ሳቀ፤ 94 ድረስም መጣ። በኋላ ሌላ ቤት ገዛ። የጥገና ዋጋው ወረቀት ግን ከእሱ በኋላ ለመጡት ሁሉ አገለገለን፤ ግድግዳውን አይቶ በግምት የሚቀንስ ሰው አልነበረም።

ጊዜው እየሄደ የሚመጡት ዋጋዎች በ92 እና በ95 መካከል መሰብሰብ ጀመሩ። ይህ ከአንድ ሰው ዝቅተኛ ዋጋ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። አንድ ሰው ሲያሳንስ ስለ ራሱ ይናገራል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ የሚናገሩት ስለ ቤቱ ነው። ብዙ ሰው እያየ ማንም ዋጋ የማይሰጥ ቢሆንም ምልክቱ ያው ነው። የሚያይ ሰው ራሱ ከጠፋ ደግሞ ዋጋው ወይም ማስታወቂያው ይመርመር። ዝርዝራችንን አውጥተን አዳዲስ ሽያጮችን ጨመርንበት። በዚያው ሰሞን የእኛን የሚያህል ቤት በ98 ለገበያ ቀርቦ ነበር፤ ገዢዎቻችን ሁሉ እሱን አይተው ነበር የሚመጡት። እናታችን እጅግ ተጨነቀች። እኔና ወንድሜ አንድ ጊዜ፣ በሚታይ መጠን መቀነስ ይሻላል አልን፤ ከ104 ወደ 100 አወረድነው። በየሳምንቱ አንድ አንድ ነጥብ እየቀነሱ መሄድ ግን ገዢውን የሚቀጥለውን ሳምንት እንዲጠብቅ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዋጋዎች በአንድ ሰሞን መጡ። አንዱ ቤተሰብ 99 ሰጠን፤ ግን መጀመሪያ የራሳቸው ቤት መሸጥ ነበረበት። ሌሎቹ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ 95 ይዘው መጡ፤ ባንኩ ብድሩን መፍቀዱን የሚገልጽ ደብዳቤ አሳዩን። «ከዚህ በላይ የሚጨመር ካለ ከራሳችን ቁጠባ ነው፤ እሱም ትንሽ ነው» አለች ወጣቷ፤ አመንኳት። አቅሙ እዚህ ላይ ያበቃ ገዢና የሚፈትን ገዢ በአሃዝ ቢመሳሰሉም በሁኔታቸው ይለያሉ። የመጀመሪያው ማስረጃ ያሳያል፤ ከዋጋው ውጭ ባሉ ነገሮችም እጁን ይዘረጋል። ስለዚህ ዋጋውን ለጊዜው ተውኩትና ሌላ ሌላውን አነሣሁ። እናታችን አዲሱ ቤቷ እስኪዘጋጅ ሁለት ወር ብትቆይስ? ቀብዱን ከፍ ታደርጉታላችሁ? የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን ይሸፍናል? ቆይታዋን ወዲያው ፈቀዱ፤ ቀብዱንም ከፍ አደረጉት። የማዛወሪያውን ወጪ እነሱ እንዲሸፍኑ፣ እኛ ደግሞ ቁም ሣጥኖቹንና የወጥ ቤቱን ምድጃ እንድንተውላቸው ተስማምተን፣ ዋጋው 97 ላይ ቆመ።

እህቴ «99 እያለ ለምን?» ብላ ጠየቀች፤ መጠየቅም ነበረባት። በወረቀት አሳየኋት። የመጀመሪያዎቹ ቤታቸውን ለመሸጥ ስድስት ወር ቢፈጅባቸው ሦስት ነጥብ በወጪ ይሄዳል፤ እጃችን ላይ የሚቀረው 96 ነው። ቤታቸው ባይሸጥስ? ያኔ ደግሞ ለወራት ከገበያ ወጥቶ የቆየ ቤት ይዘን እንደገና መጀመር ነው። የተጋቢዎቹ 97 ግን ብድሩ የተፈቀደ፣ ቀብዱ የሚከፈል፣ እናታችንንም ለኪራይ የማይዳርግ ነው። በዚህ ላይ አራታችንም ተስማማን።

ለወዳጄ ጨምሬ የነገርኳትን ልበልና ላብቃ። የምትቀበሉትን ዋጋ ከመፈረማችሁ በፊት ቀደም ሲል ዋጋ ለሰጧችሁ ሁሉ ደውሉ፤ 72 ላለውም ቢሆን። እኔ ስደውል 90 ብሎ የነበረው ሰው 96 ድረስ መጥቷል፤ ቅር ብሎን ዘግተነው ቢሆን ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር። የተስማማችሁበትን ሁሉ፣ የምትተዉትን ዕቃና ቤቱን የምታስረክቡበትን ቀን ጨምሮ፣ በውሉ ውስጥ አስገቡ። ገዢው ቢቀር ቀብዱ ምን እንደሚሆን፣ ብድሩ ባይለቀቅስ እስከ መቼ እንደሚጠበቅ ይጻፍ። ውሉን የሕግ ባለሙያ ያንብበው። ቀብዱ በባንክ ገቢ እስኪሆን ድረስም ለሁለተኛው ገዢ «ተሽጧል» አትበሉ፤ «ከሌሎች ጋር ተስማምተናል፤ ካልተሳካ መጀመሪያ ለእርስዎ እንደውላለን» በሉት፤ የምትሉትንም ፈጽሙት።